እውነተኛው የሐበሻ ጥድ የትኛው ነው? መልኩ፣ መኖሪያውና ችግሩ

ክረምት በገባ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ችግኝ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የዛፍ ስም ከሰው አፍ አይጠፋም። ጥድም ደጋግሞ ይነሳል። ነገር ግን «ጥድ ተከልን» የሚሉ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ዛፎች ተክለው ሊሆን ይችላል። አንዱ የሐበሻ ጥድ፣ ሌላው የፈረንጅ ጥድ።

ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ያምታታሉ። የሐበሻ ጥድ ግን የኢትዮጵያን ተራሮች ከጥንት ጀምሮ አልብሶ የኖረ አገር በቀል ዛፍ ነው። የፈረንጁ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። የፈረንጁ ሲበዛ የሐበሻው የተረፈ እየመሰለን በዝምታ እንዳያልቅ እሰጋለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ አገር በቀሉ ጥድ ነው። ምን ይመስላል? የት ይኖራል? ለምን እዚያ? ተቆርጦስ ለምን ቶሎ አይተካም?

ስሙን ለማጥራት ያህል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል። ይህ ስም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። በኦሮምኛ ጋቲራ ወይም ሂንዴሳ፣ በትግርኛ ጽሕዲ ይሉታል። ጁኒፐር የሚባለው የዛፍና የቁጥቋጦ ወገን በዓለም ላይ ከ50 በላይ ዝርያዎች አሉት። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅለው ግን ይህ አንዱ ብቻ ነው።

## ከፈረንጅ ጥድ በምን እለየዋለሁ?

ፍሬውን ተመልከቱ። ከዚህ የተሻለ መለያ የለም።

የሐበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ክብና ሥጋ ያለው ነው። ስፋቱ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጥሬው አረንጓዴ ነው። ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል። ላዩን ስስ ነጭ ሰም ይሸፍነዋል። በአውራ ጣት አሸት ስታደርጉት ሰሙ ይለቅና የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቆዳ ብቅ ይላል። ሰንጠቅ ስታደርጉት ሙጫ ሙጫ የሚሸት ሥጋ አለው። መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ዘር ይገኛል።

የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን ደረቅ እንጨት ነው። ከሐበሻው በእጥፍ ይተልቃል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ላዩ በክፍልፋይ የተገጣጠመ ነው፤ በየክፍልፋዩ መሃል ሾል ያለ ጉብታ ይታያል። ሲደርቅ ክፍልፋዮቹ ይላቀቁና ቀጫጭን ዘሮች ይረግፋሉ። ዛፉ ሥር እነዚህን ቡናማ ድብልብሎች ካገኛችሁ የቆማችሁት ከእንግዳው ሥር ነው።

ቦታውም ፍንጭ ይሰጣል። በከተማ ግቢ ዙሪያ በሥርዓት ተከርክሞ አጥር የሆነው፣ በመንገድ ዳር በመስመር የቆመው፣ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ መከርከምም ይችላል። ለዚህ አገልግሎት ጥሩ ዛፍ ነው፤ ክፋት የለውም። ችግሩ ስሙ ከሐበሻው ጋር መምታታቱ ላይ ነው።

ፓቱላ የሚባለውንም ከጥድ የሚደምሩት ሰዎች አሉ። እሱ ጭራሽ ሌላ ነው። ረጃጅም መርፌ ቅጠሎቹ በጥቅል በጥቅል ተንዘርፍፈው ስለሚወርዱ በቀላሉ ይለያል። ጥዶቹንም ፓቱላንም የሚያጠቃልል ኮኒፈር የሚባል ሰፊ የዛፎች ወገን አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የበቀሉ የዚህ ሰፊ ወገን ትልልቅ ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሐበሻ ጥድና ዝግባ። ሌሎቹ ሁሉ ከውጭ የገቡ ናቸው።

## ሙሉ መልኩስ ምን ይመስላል?

ወጣቱ ጥድና ያረጀው ጥድ አንድ ዛፍ አይመስሉም። ወጣቱ ከታች ሰፋ፣ ወደ ላይ ሾጠጥ ያለ ነው። ቅርንጫፎቹ ከመሬት ጀምረው ጥቅጥቅ ብለው ይወጣሉ። ዕድሜው ሲገፋ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ይደርቃሉ፣ አናቱ ይሰፋል፣ ላይኞቹ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ተራራ ጫፍ ላይ ነፋስ የመታው አሮጌ ጥድ ደግሞ አናቱ ጠፍጠፍ ብሎ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሜትር ነው። ቦታው ከተስማማውና ሰው ካልደረሰበት 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። አብዛኞቹ የጁኒፐር ዘመዶቹ ቁጥቋጦ ወይም አጫጭር ዛፎች ስለሆኑ ይህ ቁመት ከወገኑ ለየት ያደርገዋል። የትልልቆቹ ግንድ ስፋት ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። ግንዱ ወደ ላይ ቀጥ ይላል፤ ከታች ግን ሸንተረር ሸንተረር ይላል።

ቅርፊቱ ስስ ነው። ቀለሙ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ሲቆይ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች ተሰነጣጥቆ በረጃጅሙ ይላጣል። አንዱን ልጣጭ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ክንድ የሚያህል ርዝመት ሳይበጠስ ይመጣል። ከሥሩ አዲሱ ቀይ ቅርፊት ይታያል። ይህን የቅርፊት ስስነት ያዙልኝ፤ እሳት ስናነሳ እንመለስበታለን።

ቅጠሉ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ምክንያቱም ዛፉ በዕድሜው ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው። ችግኝና ለጋ ሳለ ቅጠሉ አጭር መርፌ ነው። ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ሲነኩት ይወጋል። እያደገ ሲሄድ መርፌው ይቀርና በምትኩ ጥቃቅን ቅርፊት መሳይ ቅጠሎች ይመጣሉ። እነዚህ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ቀንበጡ ላይ ተጣብቀውና ተደራርበው ስለሚወጡ ቀንበጡ በጥብቅ የተጎነጎነ ቀጭን ሹሩባ ይመስላል። አንዳንድ ወጣት ዛፍ ላይ ሁለቱም ቅጠሎች ባንድ ላይ ይታያሉ፤ ከታች የሚወጋው፣ ከላይ የተጎነጎነው። በሽታ አይደለም፣ የተዳቀለ ዛፍም አይደለም። ጉርምስና ላይ ነው ማለት ነው።

በእርጥብ ደን ውስጥ አሮጌ ጥድ ላይ የሚንዠረገግ ግራጫ አረንጓዴ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ዛፉን የሚመጥ ጥገኛ ይመስለዋል። አይደለም። ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው አንድ ላይ የሚኖሩበት አካል ነው። ቅርንጫፉን መቀመጫ ያደርገዋል እንጂ ምግቡን አይነካም። እንዲያውም ንጹሕና እርጥብ አየር ባለበት ቦታ ነው በደንብ የሚያድገው።

## አንዳንዱ ጥድ ፍሬ የማያፈራው ለምንድን ነው?

ወንድ ስለሆነ ነው። የሐበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴ አበባውን አንድ ዛፍ ላይ አያወጣም። ወንዱ ዛፍ ለብቻው፣ ሴቷ ለብቻዋ ናቸው።

ወንዱ በቀንበጡ ጫፍ ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ቢጫ እንቡጦች ያወጣል። ሲደርሱ ቅርንጫፉን ነካ ካደረጋችሁት ቢጫ ብናኝ ይቦናል። ብናኙን ወደ ሴቷ የሚወስደው ነፋስ ነው፤ ንብ አያስፈልገውም። ሴቷ ከተቀበለች በኋላ ፍሬው እስኪበስል ከአንድ ዓመት በላይ፣ እስከ 18 ወር ድረስ ይፈጃል። ለዚህ ነው አንድ ሴት ዛፍ ላይ አረንጓዴ ጥሬና ጥቁር ብስል ፍሬ ባንድ ጊዜ የሚታየው። የዘንድሮውና የአምናው አንድ ቅርንጫፍ ላይ ይገናኛሉ።

ይህ ነገር ለደኑ ዕጣ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ኮረብታ ላይ ጥቂት ዛፎች ብቻ ቢቀሩና ሁሉም ወንድ ቢሆኑ፣ ወይም ሴቶቹ ብናኝ ከማይደርስበት ርቀት ቢቆሙ፣ አንድም ደህና ዘር አይገኝም። ዛፎቹ ለብዙ ዓመታት ይኖራሉ። ተተኪ ግን የላቸውም።

## የሚኖረው የት ነው?

በአጭሩ፣ በደረቁ ደጋና ወይና ደጋ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 እስከ 3000 ሜትር ባለው ከፍታ ይገኛል። ዓመታዊ ዝናቡ ከ400 እስከ 1200 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ ይስማማዋል። ድንጋያማ፣ ተዳፋትና ስስ አፈር ያለው መሬት ላይ መቆም ይችላል። ውሃ የሚያቁር ረግረግ ግን አይሆነውም።

ብቻውን አይኖርም። ቋሚ ጎረቤቱ ወይራ ነው። ባለሙያዎች «ደረቅ የደጋ ደን» የሚሉት በዋናነት የጥድና የወይራ ደን ነው። እርጥበቱ ሻል ሲል ዝግባ ይቀላቀላቸዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ኮሶ ይመጣል፣ ከዚያ በላይ ቦታውን ለአስታ ይለቃል። ከሥሩ ቀጋ፣ አጋምና ክትክታ አይጠፉም። አንድ የተራቆተ ተራራ ላይ ስትሄዱ ያረጁ የወይራ ጉቶዎችና እዚህም እዚያም ጥድ ካያችሁ፣ ያ ቦታ ድሮ ምን እንደነበር መገመት አይከብድም።

ዛሬ በደን መልክ የሚታይባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወፍ ዋሻ፣ ወደ ግንጪ ጭሊሞ፣ ወሎ ውስጥ የኮምቦልቻው የጎፍና ደንቆሮ፣ ጎንደር ውስጥ አዲስ ዘመን አጠገብ ጣራ ገዳም ይጠቀሳሉ። ትግራይ ውስጥ ሁጉምቡርዳና በአፋር ወሰን ላይ ያለው ደስዓ አሉ። በባሌ ተራሮች በኩል አዳባና ዶዶላ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በቦረና ያቤሎና አሬሮ አሉ።

የመናገሻው ታሪክ ለየት ያለ ነው። እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተክለዋል። ሰው አቅዶ ጥድ ያለማበት እንዲህ ያለ ጥንታዊ ታሪክ ያለው ደን ከአዲስ አበባ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ መኖሩን የማያውቅ የከተማ ሰው ብዙ ነው።

የቦረናው ደግሞ በሌላ መንገድ ይገርማል። ቦረና ሲባል ሰው የሚያስበው ግራርና ሞቃት ሜዳ ነው። ከፍ ያሉት ኮረብታዎች ላይ ግን ጥድ አለ። በነገሌና በአሬሮ አካባቢ ባሉት በእነዚህ የጥድ ደኖችና በዙሪያቸው ብቻ የሚገኝ የሩስፖሊ ቱራኮ የተባለ ወፍም አለ። በዓለም ላይ ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር የትም አይኖርም።

## ለምን ተራራ? ለምንስ ደረቁን?

ብዙ ሰው ጥድ ዝናብ አይወድም ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ጥድ የሚፈልገው ብርሃን ነው።

ዝናብ በጣም በሚበዛበት፣ ለምሳሌ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች በፍጥነት ያድጋሉ። መሬቱን ያጠሉታል። የጥድ ቡቃያ ጥላ ስለማይችል ከሥራቸው ማደግ ያቅተዋል። ደረቅና ድንጋያማ ቦታ ላይ ግን እነዚያ ዛፎች ይሳሳሉ፤ ብርሃን መሬት ይደርሳል። ያን ጊዜ ለጥድ ቦታ ይከፈታል።

ድርቁንስ እንዴት ይችለዋል? ቅድም ያየነው ቅጠል ነው መልሱ። ሰፊ ቅጠል ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ብዙ ውሃ ያጣል። የጥድ ቅጠል ግን ጥቃቅን ነው፣ ቀንበጡ ላይ ተለጥፏል፣ ላዩም በሰም ተሸፍኗል። ለነፋስ የተጋለጠው ገጽ ትንሽ ስለሆነ የሚያጣው ውሃም ትንሽ ነው። ረጅሙን በጋ የሚያልፈው በዚህ ነው። የደጋውን ውርጭም ይችላል።

ጉምም ይረዳዋል። እንደ ደስዓ ያሉ በምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ ያሉ ደኖች ከታች ከቆላው ተነስቶ የሚመጣ ጉም ያገኛቸዋል። ጉሙ በጥቃቅኖቹ ቅጠሎች መሃል ሲያልፍ ይጠራቀምና ይንጠባጠባል። ዝናብ በሌለበት ወር እንኳ ከዛፉ ሥር ያለው መሬት እርጥብ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ወደ ታች ወደ ቆላ የማይወርደው ደግሞ ሙቀቱና ድርቀቱ አንድ ላይ ስለሚበረቱበት ነው። ተራራው የሚሰጠው ቅዝቃዜ ያለበት ድርቀት ነው። ጥዱ የሚችለው ያንን ነው።

## ከኢትዮጵያ ውጭስ አለ?

አለ። ከቀይ ባሕር ማዶ በሳዑዲ አረቢያ የአሲር ተራሮችና በየመን ይገኛል። ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን ውስጥም አለ። ወደ ደቡብ በኬንያ፣ በታንዛኒያ በኩል እስከ ማላዊና ዚምባብዌ ይዘልቃል። ማላዊ ውስጥ በኒይካ ደጋ ላይ ትንሽዬ የጥድ ደን አለች።

የጁኒፐር ወገን በሙሉ የሰሜኑ የምድር ክፍል ተክል ነው። አውሮፓ፣ እስያ፣ ሰሜን አሜሪካ ሞልቷል። ከዚያ ሁሉ ዝርያ መካከል የምድር ወገብን ተሻግሮ በተፈጥሮ የሚበቅለው ይህ የእኛው ጥድ ብቻ ነው። ከተራራ ወደ ተራራ እየተሻገረ ነው የሄደው። ዘሩን የሚያመላልሱለት ወፎች ናቸው።

## ታዲያ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብቻ የበዛው ለምንድን ነው?

እንጨቱ ጥሩ ስለሆነ ነው ያለቀው። ይህ ነው እውነቱ።

የጥድ ግንድ ሲቆረጥ ከዳር ነጣ ያለ ቀለበት፣ ከመሃል ቀይ ቡናማ እንጨት ይታያል። መሃሉ መልካም ሽታ አለው። ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ነው እንጨቱን ከምስጥና ከመበስበስ የሚጠብቀው። መሬት ውስጥ የተቀበረ የጥድ ምሰሶ ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ለቤት ምሰሶና ማገር፣ ለጣሪያ፣ ለአጥር፣ ለበርና ለመስኮት ተመራጭ ሆነ። ቤተ ክርስቲያንም ቤተ መንግሥትም ተሠራበት። ስንጥቁ ቀጥ ያለና ለመቅረጽ ለስላሳ ስለሆነ ኬንያ ውስጥ ለእርሳስ መሥሪያ ሲቆረጥ ኖሯል። ከፍልጡና ከሰጋቱራው ሽቶና ሳሙና ውስጥ የሚገባ ዘይት ይወጣል።

ለማገዶና ለከሰል የሄደው፣ ለእርሻ የተመነጠረው ይጨመርበት። አዲስ አበባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስትመሠረት በዙሪያዋ ያለው አገር በቀል ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤትና ለማገዶ አለቀ። ባሕር ዛፍ የገባው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ዛፍ የተረፈው ሰው ስለፈራና ስላከበረ ነው። ደብሩ ያለበት ቦታ ቅዱስ ነው፤ ዛፉም የደብሩ ነው። በሰሜኑ ደጋ ላይ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ መሃል ላይ አንዲት አረንጓዴ ክብ ካያችሁ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ። ብዙ ጊዜም ትልልቆቹ ዛፎች ጥድና ወይራ ናቸው። ላስታ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስ ያለበት ዋሻ ዙሪያ ያለው የጥድ ደን እስካሁን ቆሟል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ከጠራቸው ዛፎች አንዱ ጥድ ነበር፤ ሌሎቹ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ናቸው።

## ተቆርጦ ለምን ቶሎ አይተካም?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብቀው። በበኩሌ የጥድ ዋነኛ አደጋ መጥረቢያ ብቻ አይመስለኝም። ተተኪ ማጣቱ ይብሳል።

መጀመሪያ ዘሩ። ሽፋኑ ጠንካራ ነው። መሬት ላይ ወድቆ ወዲያው አይበቅልም። አንዱ በሳምንታት፣ ሌላው በወራት ይበቅላል፤ ከፍሬው ውስጥ የሚወጣው ዘር ደግሞ ጥቂት የማይባለው ባዶ ወይም ነፍሳት የበሳው ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ይህ ትልቅ እገዛ ነው፤ ዘሩ ከእናቱ ጥላ ይወጣል። ወፎቹ የሚያርፉበት ዛፍ ከሌለ ግን ወደ ተራቆተው መሬት አይሄዱም።

ሁለተኛ ብርሃኑ። ቀደም ብለን እንዳልነው የጥድ ቡቃያ ጥላ አይችልም። ጥቅጥቅ ባለ ያረጀ የጥድ ደን ውስጥ ብትገቡ ከሥሩ የወይራ ቡቃያ ታገኙ ይሆናል፣ የጥድ ቡቃያ ግን እምብዛም ነው። አሮጌዎቹ ራሳቸው ልጆቻቸውን ያጠሏቸዋል።

ታዲያ በተፈጥሮ እንዴት ይተካ ነበር? እሳት አንዱ መንገድ ነው። ነገሩ ግራ ያጋባል። የጥድ ቅርፊት ስስ ነው፤ ውስጡም ዘይትና ሙጫ አለ። የሰደድ እሳት ሲነሳ ትልቁ ዛፍ እንኳ አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2000 በባሌና በቦረና የተነሳው እሳት ብዙ ደን በልቷል። በሌላ በኩል ግን እሳት ያለፈበት መሬት ክፍት ነው፣ ብርሃን አለው፣ የሚሻማ ሣርና ቁጥቋጦ ቀንሷል። በአካባቢው ዘር የሚያቀብሉ ዛፎችና ወፎች ካሉ፣ እንዲህ ባለ መሬት ላይ የጥድ ቡቃያ በገፍ ይበቅላል። እኩያሞች ሆነው አንድ ላይ ያድጋሉ። አንዳንድ የጥድ ደን ውስጥ ዛፎቹ ሁሉ የአንድ ዘመን ልጆች የሚመስሉት ከእንዲህ ያለ አጋጣሚ ስለተነሱ ነው።

ይህ ማለት ግን እሳት ይለኮስ ማለት አይደለም። ያ ሥርዓት የሚሠራው ደኑ ሰፊ ሲሆን ነው። አንድ ጎን ሲቃጠል ሌላው ጎን ዘር ያቀብላል። ዛሬ የቀረው ቁርጥራጭ ነው። አንዴ ከተቃጠለ ዘር ከየት ይመጣል?

ሦስተኛው ከብት ነው። ቡቃያው ከመሬት ብቅ ሲል ፍየልና በግ ይቀነጥቡታል፣ ከብት ይረግጠዋል። በግጦሽ የተጨናነቀ ደን ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታየው መልክ ይህ ነው፤ ላይ የተዋበ አረንጓዴ አናት፣ ታች ባዶ መሬት። ጎብኚ ፎቶ አንሥቶ «እንዴት ያለ ደን ነው!» ብሎ ይመለሳል። ጥድ ደን ስትገቡ ቀና ብላችሁ ብቻ አትዩ። ወደ መሬትም እዩ። የሚወጋ መርፌ ቅጠል ያለው ለጋ ጥድ ከሌለ፣ ያ ደን ወራሽ የለውም።

በዚህ ላይ ዕድገቱ ዘገምተኛ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለምሰሶ ሲደርስ ጥድ ገና ልጅ ነው። ለትልቅ ጣውላ የሚሆን ጥድ የትውልዶች ሥራ ነው። ሲያረጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውስጡን የሚያበሰብስ ፈንገስ ይገባበታል። ውጪው ጤነኛ ሆኖ ሆዱ ባዶ የሆነ አሮጌ ጥድ ብርቅ አይደለም።

እንግዲህ ዘገምተኛነቱ አንድ በረከት አለው። እንደ ብዙ የደጋ ዛፎች ግንዱ ውስጥ የዕድገት ቀለበት ይሠራል። አንድ ዋና የዝናብ ወቅት ባለበት ቦታ ቀለበቱ በየዓመቱ አንድ ነው፤ በልግና ክረምት ሁለቱም በሚዘንቡበት ግን ሁለት ሊሆን ስለሚችል ቆጠራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥሩ ክረምት ሰፊ ቀለበት፣ ድርቅ ጠባብ ቀለበት ይተዋል። ተመራማሪዎች እነዚህን ቀለበቶች እያነበቡ የዝናብ መለኪያ ባልነበረበት ዘመን የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ምን ይመስል እንደነበር ያጠናሉ።

## ጥድ እየደረቀ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

በብዙ ቦታ፣ አዎ። ማንም ሳይቆርጠው ቆሞ የሚደርቅ ጥድ አለ። ከአናቱ ጀምሮ ይደርቃል፣ ቅርንጫፉ ይራቆታል፣ ግንዱ ግራጫ ሆኖ ለዓመታት ቆሞ ይቀራል። ደስዓ ውስጥ በስፋት ታይቷል። የደረቁት በብዛት በዝቅተኛው ከፍታ ያሉት ናቸው። አሲር ተራሮች ላይም፣ ጅቡቲ ውስጥ በጎዳ ተራሮች ያለው የዳይ ደን ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የዳይ ደን ሲደርቅ ከሱ ጋር የሚኖረው የጅቡቲ ቆቅ የመጥፋት አፋፍ ላይ ደርሷል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ድርቅ፣ ሙቀት መጨመር፣ ግጦሽና የፈንገስ በሽታ ይደራረባሉ። በታችኛው ወሰን ላይ ያለ ዛፍ ከመጀመሪያውም በቋፍ ነው የሚኖረው። ትንሽ ሙቀት ሲጨመርበት አይችልም። ወደ ላይ እንዳይሸሽ ደግሞ ከላዩ እርሻና መንደር አለ፤ ወይም ተራራው ራሱ ያልቃል።

በዓለም አቀፉ የስጋት መዝገብ ጥድ «ብዙም የማያሰጋ» ከሚባሉት ተርታ ነው። ይህ የሆነው በብዙ አገሮች ተበትኖ ስለሚገኝ ነው። አንድ ወረዳ ውስጥ ያለው ደን ሊጠፋ አይችልም ማለት ግን አይደለም።

## ልትከለው ብልስ?

ይቻላል፤ ቦታውን ማወቅ ግን ይቀድማል። ደጋ ወይም ወይና ደጋ ይሁን፣ ፀሐይ ያግኝ፣ ውሃ የሚያቁር መሬት አይሁን። ከትልልቅ ዛፎች ሥር አትትከሉት።

ዘር የምትለቅሙ ከሆነ ከአንድ ዛፍ አትልቀሙ። ከተለያዩ ሴት ዛፎች ጥቁር የሆነውን ብስል ፍሬ ውሰዱ። ሥጋውን አሽታችሁ እጠቡና ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምሩት። የሚንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ነው፤ የሰመጠውን ዝሩ። መደቡ ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ ባይበቅል ተስፋ ቆርጣችሁ አትገልብጡት። ችግኝ ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩን «የሐበሻ ነው ወይስ የፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ችግኝ ሳለ ፍሬ ስለሌለው ቅጠሉን ዳስሱ፤ ለጋው የሐበሻ ጥድ ይወጋል።

አንድ ወይም ሁለት ዛፍ ብቻ ከመትከል ሰብሰብ አድርጎ ብዙ መትከል ይሻላል። ችግኝ ሳለ ወንድና ሴቱ አይለይም። ብዛት ካለው ሁለቱም ይኖሩበታል፣ ወደፊት ዘር ይገኛል። ከተተከለ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወሳኝ ናቸው። ዙሪያውን በእሾህ አጥራችሁ ከፍየልና ከከብት ጠብቁት፣ የሚሻማውን ሣር አንሡለት። አናቱ ከከብት አፍ በላይ ሲያልፍ አጥሩን ማንሳት ይቻላል።